በሦስት ወንዞች መካከል ያለው ጫካ፦ የወንዝ ዳር ዛፍ ምን ይሠራል፣ ምንስ አይሠራም?

በአዲስ አበባ ከአራት ኪሎ ወደ መስቀል አደባባይ ቁልቁል የሚወርድ ሰው በግራም በቀኝም ብዙ ዛፍ ያያል፤ መንገዱ የሚያልፍበት መሬት ግን በሁለት በኩል በወንዝ የተከበበ መሆኑን አብዛኛው መንገደኛ ልብ አይለውም። ታላቁ ቤተ መንግሥት ካረፈበት ጉብታ በስተምዕራብ ባንተይቀጡ ይወርዳል፤ በስተምሥራቅ ግንፍሌ፣ ከእሱም አለፍ ብሎ ቀበና ይወርዳል። ወንዞቹ ወደ ደቡብ በሄዱ ቁጥር እየተቀራረቡ ሄደው በመጨረሻ በፒኮክ መናፈሻ አካባቢ ይገናኛሉ። በመካከላቸው ያለው መሬት፣ ከነቤተ መንግሥቶቹ፣ ከነአብያተ ክርስቲያናቱና ከነሰፋፊ ግቢዎቹ፣ ወደ ታች እየሾለ የሚሄድ በደን የተሸፈነ የወንዝ መሐል መሬት ነው። ሙሉ ደሴት እንዳይባል በሰሜን በኩል ከእንጦጦ ተራራ ጋር ተያይዟል።

ይህ መሬትና በዙሪያው ያሉት ወንዞች ካለፉት ዓመታት ወዲህ ከዜና ጠፍተው አያውቁም። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሸገርን ማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሆን የወንዝ ዳርቻ ለማልማት 29 ቢሊዮን ብር እንደሚጠይቅ ተገልጾ ነበር። በባንተይቀጡ ዳር የተሠራው የወዳጅነት ፓርክ በጳጉሜን 2012 ተመረቀ፤ የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ተከተለ፤ በ2016 የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ሥራውን ወደ ሌሎች ዳርቻዎች አስፋፋው። ከዚህ ጋር አንድ ጥያቄ ከታክሲ ውስጥ እስከ ቢሮ ድረስ ይሰማል፤ ዛፉ ተተክሎ፣ ሣሩ ለምልሞ፣ መንገዱ ተነጥፎ ሳለ ውኃው ለምን እስከ አሁን ይሸታል? መልሱን ለማግኘት ዛፍ በወንዝ ዳር የሚሠራውን ሥራና ከዛፍ አቅም በላይ የሆነውን ሥራ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ውኃው ከየት ተነሥቶ ወዴት ይሄዳል?

ዝናብ ወርዶ ወደ አንድ ወንዝ የሚሰበሰብበት መሬት በሙሉ የዚያ ወንዝ ተፋሰስ ይባላል። የእንጦጦ ጫፍ ሁለት ትልልቅ ተፋሰሶችን የሚለይ ድንበር ነው፤ በሰሜን ገጹ የወረደ ዝናብ ወደ ዓባይ ሲሄድ በደቡብ ገጹ የወረደው አዲስ አበባን አቋርጦ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ስለዚህ በእንጦጦ አናት ላይ ጥቂት ሜትሮች ተራርቀው ከወደቁ ሁለት ጠብታዎች አንዱ በሱዳንና በግብፅ አልፎ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ሊደርስ ይችላል፤ ሌላው ግን ባሕር የማየት ዕድል የለውም፤ ምክንያቱም አዋሽ ጉዞውን የሚጨርሰው በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ነው።

በደቡቡ ገጽ የሚነሡት ጅረቶች መሐል ከተማውን በተለያየ መንገድ ያቋርጣሉ። ቀጨኔና ቁርጡሜ ከሰሜን ወርደው ባንተይቀጡን ይፈጥራሉ፤ ባንተይቀጡ ከሸራተን ሆቴል በታች ባለው ሸለቆ አልፎ ወደ ፍል ውኃ ይወርዳል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. አካባቢ የተቆረቆረችውም በዚሁ ፍል ውኃ ዙሪያ ስለሆነ፣ ዛሬ ከድልድይ ላይ ቁልቁል የምናየው ሸለቆ የከተማዋ የመጀመሪያ ሰፈር ነው ማለት ይቻላል። ግንፍሌና ቀበና በምሥራቅ በኩል ወርደው ከባንተይቀጡ ጋር ከተቀላቀሉ በኋላ ውኃው ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባል። በምዕራብ በኩል ደግሞ ትንሹ አቃቂ ለብቻው ይወርዳል። ሁለቱ አቃቂዎች በከተማዋ ደቡባዊ ጫፍ በአባ ሳሙኤል ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይፈሳሉ፤ አዋሽም ውኃውን ተቀብሎ ወደ ቆቃ ግድብ ይወስደዋል።

ሙሉ ደሴት በእነዚህ ወንዞች ላይ የማይፈጠረው ለምንድን ነው?

የወንዝ ደሴት በአብዛኛው የሚፈጠረው ውኃ ሲደክመው ነው። ወንዝ በፍጥነት ሲሮጥ አፈርና አሸዋ ተሸክሞ ይሄዳል፤ መሬቱ ሜዳ ሲሆንበት ወይም ከሌላ ወንዝ ጋር ሲገናኝ ፍጥነቱ ይቀንስና ሸክሙን ያራግፋል። ይህ የተራገፈ አፈር ደለል ይባላል። ደለሉ ከውኃው በላይ ከፍ ሲል ሣር ይበቅልበታል፤ የሣሩ ሥር አፈሩን ይይዘዋል፤ ቀጥሎ ቁጥቋጦ፣ ቀጥሎ ዛፍ ይመጣል፤ ዛፉ ደግሞ በሚቀጥለው ሙላት ተጨማሪ ደለል ያስቀራል። በካርቱም መሐል ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ቦታ ያለችው ቱቲ ደሴት ለዘመናት ስትታረስ የኖረችው ከኢትዮጵያ ተራሮች ታጥቦ በሄደ አፈር ላይ ነው። በእኛም አገር ዓባይ ከጣና ሐይቅ በሚወጣበት አፍ ላይ፣ ባሕር ዳር አጠገብ፣ ደብረ ማርያም ደሴት በገዳሟና በዛፎቿ ተከብራ ትገኛለች።

የአዲስ አበባ ወንዞች ግን ለመድከም ጊዜ የላቸውም። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ አቃቂ ደግሞ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛል። በቀጥታ ቢለካ 25 ኪሎ ሜትር በሚሆን ርቀት ውስጥ ውኃው ወደ አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ይወርዳል። ዓባይ ከካርቱም ተነሥቶ ሜዲትራኒያን እስኪደርስ ድረስ 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ የሚወርደው ቁልቁለት ወደ 380 ሜትር ብቻ መሆኑን ስናስብ የእኛ ወንዞች ጠባይ ይገባናል። ድንጋይ ያንከባልላሉ፣ ዳርቻቸውን ይቦረቡራሉ፣ ሸለቆ ይቆፍራሉ፤ ደለላቸውን የሚያስቀምጡት ግን ታች፣ በአቃቂ ሜዳና በአባ ሳሙኤል ነው። በመሐል ከተማ በድልድዮች ሥር የሚታዩት ትንንሽ ጉብታዎች አብዛኛውን ጊዜ ጠጠርና የፈረሰ ሕንፃ ፍርስራሽ ከላስቲክ ጋር ተሳስሮ የሠራቸው ናቸው፤ ጉሎና ረጃጅም ሣር ይበቅልባቸዋል፣ የሚቀጥለው የክረምት ሙላት ደግሞ ጠርጎ ይወስዳቸዋል።

ወንዙ በክረምት በድንገት የሚሞላው ለምንድን ነው?

አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ አንድ ሄክታር አስፋልትና ጣሪያ ብቻ 300 ሺህ ሊትር ውኃ ይቀበላል፤ ከሚቀበለውም ሁሉንም ለማለት በሚያስችል ሁኔታ ወዲያውኑ ወደ ቦይ ያፈሰዋል።

ልዩነቱን የሣር ክዳንና የቆርቆሮ ክዳን ባላቸው ሁለት ጎጆዎች ማየት ይቻላል። ዝናቡ ሲጀምር የቆርቆሮው ቤት ውኃ ወዲያው ከጣሪያው በኃይል ይወርዳል፤ ዝናቡ ሲያባራ እሱም ያቆማል። የሣሩ ክዳን ግን መጀመሪያ ይጠጣል፣ ዘግይቶ ማንጠባጠብ ይጀምራል፣ ሰማዩ ከጠራ በኋላም ለረጅም ጊዜ ሲያንጠባጥብ ይቆያል። በደን የተሸፈነ ተዳፋት እንደ ሣር ክዳኑ ነው፤ የተገነባ ሰፈር እንደ ቆርቆሮው። ከተማዋ እየተገነባች በሄደች መጠን ተፋሰሱ ከሣር ወደ ቆርቆሮ እየተለወጠ ነው፤ በመሆኑም ያው መጠን ያለው ዝናብ ከቀድሞው በበለጠ ፍጥነትና ኃይል ወንዙ ላይ ይደርሳል። የዚያው ነገር ሌላው ገጽ ብዙ አይነገርለትም፦ ውኃው በክረምት ቶሎ ካለፈ ወደ መሬት የሚሰርገው ይቀንሳል፤ ወደ መሬት የሚሰርገው ሲቀንስ በበጋ ምንጩን የሚመግበው ያንሳል። በሐምሌ የሚያስፈራው ጎርፍና በጥር የሚያሳዝነው ቀጭን ጅረት የአንድ ምክንያት ሁለት ውጤቶች ናቸው።

ጎርፉ የሰው ሕይወትም ይወስዳል። በነሐሴ 2013 በከተማዋ የደረሰው ድንገተኛ ጎርፍ ቢያንስ 7 ሰዎችን ገድሏል። በወንዝ አፋፍ ላይ የሚኖሩት አብዛኞቹ ሰዎች ሌላ ቦታ ለመከራየት ወይም ለመሥራት አቅም ያልነበራቸው መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም፤ የወንዝ ዳርቻ ጉዳይ ሲነሣ ስለ እነሱ መጠለያ ሳይነሣ የሚቀርበት ሁኔታ ትክክል አይደለም ብዬ አምናለሁ።

ዛፎቹ በትክክል ምን ይሠራሉ?

የመጀመሪያው ሥራቸው አፈሩን መያዝ ነው። የዛፍ ሥር ወደ ጥልቀት ይወርዳል፣ የሣር ሥር ደግሞ የላይኛውን አፈር እንደ መረብ ይይዛል፤ ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ዳርቻው በሙላት ቶሎ አይናድም። ሁለተኛው ሥራቸው ከመንገድና ከግቢ ታጥቦ የሚመጣውን ውኃ ማዘግየት ነው፤ ውኃው በሣርና በረገፈ ቅጠል መካከል ቀስ ብሎ ሲያልፍ አፈር፣ የመኪና ዘይትና ሌላም ቆሻሻ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ከውኃው ውስጥ ከፊሉም ወደ መሬት ይሰርጋል። ሦስተኛው ጥላ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ከሞቃት ውኃ የበለጠ ኦክስጅን ስለሚይዝ፣ በጥላ ሥር የሚሄድ ወንዝ ራሱን የማጽዳት አቅሙ ይሻላል።

ሁሉም ዛፍ ግን ይህንን ሥራ እኩል አይሠራም። ባሕር ዛፍ ወደ አዲስ አበባ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ የማገዶና የግንባታ እንጨት አልቆ መናገሻ ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከመታሰብ በተደረሰበት ጊዜ ነው፤ ፈጥኖ በማደጉም ከተማዋን ከመፈናቀል አድኗል። ያንን ውለታ መካድ አይገባም። ይሁንና ጥቅጥቅ ባለ የባሕር ዛፍ ጫካ ሥር ሣርና ቁጥቋጦ እምብዛም አይበቅልም፤ የረገፈው ቅጠልም ለማገዶ እየተጠረገ ሲወሰድ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። ከሩቅ ለምለም የሚመስለው የእንጦጦ ተዳፋት በክረምት አፈር የሚያወርደው በዚህ ምክንያት ነው። ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ዝግባ ከሥራቸው ሌላ ዕፀዋት እንዲበቅል ስለሚፈቅዱ መሬቱን በደርብ ይሸፍኑታል። የከተማዋ አሮጌ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥና በአፄ ምኒልክ ዘመን በተሰጡት የእንግሊዝና የፈረንሳይ ኤምባሲ ግቢዎች ውስጥ ያሉት ያረጁ ዛፎች በዚህ ረገድ ለመሐል ከተማው ወንዞች ትልቅ ሀብት ናቸው።

በተቃራኒው፣ ተከርክሞና ተረግጦ የጠነከረ ሣር ለዓይን ቢያምርም ውኃ የመምጠጥ አቅሙ ዝቅተኛ ነው። የመናፈሻ ውበትና የወንዝ ጤና ሁልጊዜ አንድ ላይ አይሄዱም፤ ወንዙ የሚፈልገው ዳርቻ ትንሽ የተበታተነ፣ ቁጥቋጦ የበዛበት፣ ቅጠሉ ያልተጠረገ ነው።

ታዲያ ወንዙ እስከ አሁን ለምን ይሸታል?

እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። ከላይ የተዘረዘረው የማጣራት ሥራ የሚሠራው በዳርቻው ላይ ተዘርግቶ፣ በአፈሩና በሣሩ ላይ እየተሳበ ለሚመጣ ውኃ ብቻ ነው። በመሐል አዲስ አበባ ግን ወደ ወንዝ ከሚገባው ቆሻሻ እጅግ የሚበዛው በዚያ መንገድ አይመጣም፤ በቱቦ ነው የሚመጣው። ከመኖሪያ ቤት፣ ከሆቴል፣ ከጋራዥና ከመኪና ማጠቢያ የሚነሣ ፍሳሽ በመሬት ውስጥ ወይም በተሸፈነ ቦይ ተጉዞ፣ ከዛፉ ሥር በታች አልፎ፣ በቀጥታ ወንዙ ውስጥ ይወድቃል። ዛፉ ያላየውን ውኃ ሊያጣራ አይችልም። በወንዝ ዳር አንድ ሺህ ችግኝ ቢተከልና በመካከላቸው አንድ የፍሳሽ ቱቦ አፉን ከፍቶ ቢቀር፣ ወንዙ የሚያውቀው ቱቦውን ነው።

በአግባቡ ከተሠራ ሁለት ዓይነት መስመር መኖር አለበት። አንደኛው የዝናብ ውኃ ወደ ወንዝ የሚወስድ የጎርፍ መውረጃ ነው። ሁለተኛው የመጸዳጃና የማድ ቤት ፍሳሽ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ የሚወስድ የፍሳሽ መስመር ነው። በተግባር የፍሳሽ መስመር ያልደረሰባቸው ሰፈሮች ብዙ ስለሆኑ፣ የቤቱን ፍሳሽ ከጎርፍ መውረጃው ጋር ማገናኘት የተለመደ ሆኗል፤ የመጸዳጃ ጉድጓድ የሞላበትም የክረምቱን ጎርፍ ጠብቆ የሚለቅበት አጋጣሚ አለ። ጎርፍ መውረጃው የተሠራው ለዝናብ ስለሆነ የሚያደርሰው ወደ ወንዝ ነው። በጥር ወር፣ ዝናብ በሌለበት፣ ከጎርፍ መውረጃ ቱቦ ውኃ ሲፈስ የሚያይ ሰው የሚያየው የዝናብ ውኃ እንዳልሆነ ሊያውቅ ይገባል።

ሽታው የሚመጣው ከኦክስጅን እጦት ነው። በውኃ ውስጥ የሚሟሟ ኦክስጅን በጣም ጥቂት ነው፤ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ያለው ንጹሕ ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ገደማ ሊይዝ ሲችል፣ አየሩ በሳሳበት በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ 7 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ይይዛል። የእኛ ወንዞች ገና ሲጀምሩ ከቆላ ወንዝ ያነሰ ስንቅ ይዘው ነው የሚነሡት ማለት ነው። የመጸዳጃና የምግብ ትርፍራፊ ወደ ውኃው ሲገባ ጥቃቅን ሕዋሳት ይመገቡታል፤ ሲመገቡትም ያንን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ኦክስጅን ሲያልቅ ያለ ኦክስጅን መኖር የሚችሉ ሌሎች ሕዋሳት ይተካሉ፤ እነሱም የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ያወጣሉ። በድልድይ ላይ አፍንጫችንን የምንይዘው ከዚህ ጋዝ የተነሣ ነው። ገደላማው መሬት በዚህ ረገድ ያግዛል፤ ውኃው ከድንጋይ ድንጋይ ሲላተም ከአየሩ ኦክስጅን ይቀላቅላል። ነገር ግን ከላይ የተጨመረውን ኦክስጅን ቀጣዩ ቱቦ መልሶ ይበላዋል።

መፍትሔው ምንድን ነው?

ፍሳሽ ያለ ፓምፕ በራሱ ቁልቁለት እንዲወርድ ከተፈለገ መስመሩ የግድ ዝቅተኛውን መሬት መከተል አለበት፤ ዝቅተኛው መሬት ደግሞ የወንዝ ዳርቻ ነው። በዚህ ምክንያት በወንዙ ግራና ቀኝ ትልቅ ሰብሳቢ ቱቦ ተቀብሮ፣ ወደ ወንዙ ሊወድቁ የነበሩትን ትንንሽ ቱቦዎች በየመንገዱ እየተቀበለ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ይወስዳቸዋል። የቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ በከተማዋ ዝቅተኛ ክፍል የተሠራውም በዚሁ አመክንዮ ነው፤ ከተስፋፋ በኋላ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ የማጣራት አቅም እንዲኖረው ተደርጎ ተገንብቷል። የጣቢያው አቅም ሙሉ ጥቅም የሚሰጠው ግን እያንዳንዱ ቤት ከመስመሩ ጋር ሲገናኝ ነው። ከቤት እስከ ዋናው መስመር ያለችው አጭር ቱቦ ለፎቶ አትመችም፣ ምረቃም አይደረግላትም፤ ወንዙን ከሁሉ በላይ የምትጠቅመው ግን እሷ ናት።

መሐል ከተማው ውስጥ ዳርቻው ለልማት በተቆፈረበት ጊዜ ሰብሳቢ ቱቦውን አብሮ መቅበር በኋላ የእግረኛ መንገዱን አፍርሶ ከመቆፈር በብዙ እጥፍ ይረክሳል። ስለዚህ በየሰፈሩ የወንዝ ዳር ሥራ ሲጀመር ነዋሪው ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ አበባው ሳይሆን ስለ ቱቦው መሆን ይኖርበታል። ከተማ አስተዳደሩ በ2017 ያወጣው የወንዝ ዳርቻ ልማትና የብክለት መከላከል ደንብ ወደ ወንዝ ፍሳሽና ቆሻሻ በሚለቁት ላይ ቅጣት ይጥላል፤ ቅጣቱ ፍሬ የሚያፈራው ፍሳሹን በሕጋዊ መንገድ ለማስወገድ የሚያስችል መስመር ወይም የመምጠጫ መኪና አገልግሎት በአቅራቢያ ሲኖር ነው።

ዳርቻውን በግንብ መዝጋትስ?

በድልድይ አጠገብና ሕንፃ አፋፍ ላይ በቆመበት ቦታ ግንብ ወይም ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላበት የሽቦ ሣጥን) አስፈላጊ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ከተገነባ ግን ወንዙ ወደ ቦይነት ይለወጣል፤ ለስላሳው ግድግዳ የውኃውን ፍጥነት ይጨምራል፣ የዳነው የላይኛው ሰፈር ጎርፉን ወደ ታችኛው ሰፈር ያስተላልፋል።

ከታች ያሉት ሰዎች ምን ይደርስባቸዋል?

ከመሐል ከተማ የወጣው ውኃ በአቃቂ በኩል ሲያልፍ አትክልት ያጠጣል። አዲስ አበባ ከምትበላው ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ጉልህ ድርሻ ያለው የሚበቅለው በእነዚህ ወንዞች ውኃ ነው። የመጸዳጃ ፍሳሽ ጥገኛ ትላትልና ተቅማጥ የሚያስከትሉ ተሕዋስያን ይዞ ይመጣል፤ አትክልቱን በጥንቃቄ ማጠብና በደንብ ማብሰል እነዚህን ሊቀንሳቸው ይችላል። ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው ክሮሚየምና ሌሎች ከባድ ብረቶች ግን በመታጠብም በመቀቀልም አይጠፉም፤ በአፈሩ ውስጥ እየተከማቹ ወደ ተክሉ ይገባሉ። ለዚህ ነው የፋብሪካ ፍሳሽ ከቤት ፍሳሽ ጋር ሳይቀላቀል በምንጩ፣ በፋብሪካው ግቢ ውስጥ፣ መጣራት ያለበት። ገበሬው ግን ከዚህ ሌላ ውኃ የለውም፤ ማሳው ላይ ያለውን ችግር የፈጠረው ከላይ ያለው ከተማ ነው።

አባ ሳሙኤል ደግሞ በእንቦጭ ተሸፍኗል። እንቦጭ የሚፈልገው ፀሐይ፣ ረጋ ያለ ውኃና ማዳበሪያ ነው፤ ማዳበሪያውን ከተማዋ በየቀኑ በነፃ ትልክለታለች፤ ምክንያቱም በመጸዳጃ ፍሳሽና በሳሙና ውስጥ ያለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለተክል ምግብ ነው። አረሙን በእጅም ሆነ በማሽን ማስወገድ ለጊዜው ይረዳል፤ ምግቡ መምጣቱን እስከቀጠለ ድረስ ግን ተመልሶ ይበቅላል።

መሻሻል መኖሩን በምን ማወቅ ይቻላል?

ክረምት ለመፍረድ ጥሩ ጊዜ አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ቆሻሻውን ስለሚያቀጥነውና ጠርጎ ስለሚወስደው ወንዙ ከእውነተኛው ሁኔታው የተሻለ ይመስላል። በታኅሣሥና በጥር ግን የሚፈሰው የምንጭ ውኃና የከተማ ፍሳሽ ብቻ ነው፤ የወንዙ ትክክለኛ ጤና የሚታየው ያን ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት ከድልድይ ላይ የሚያይ ሰው በርካታ ነገሮችን ያለ መሣሪያ ሊለይ ይችላል፦ ከድንጋዮቹ ላይ ግራጫ ዝቃጭ መኖሩን፣ ደረቅ መሆን ከሚገባቸው የጎርፍ መውረጃዎች ፍሳሽ መውረዱን፣ ውኃው ሲላተም ቶሎ የማይጠፋ የሳሙና አረፋ መታየቱን።

ለባለሙያ ደግሞ የተሟሟ ኦክስጅን መጠን ዋናው መለኪያ ነው፤ በሊትር ከ5 ሚሊ ግራም በታች ሲወርድ አብዛኛው ዓሣ ይቸገራል፣ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ሽታው ይጀምራል። ልኬቱ በወዳጅነት ፓርክ ብቻ ቢወሰድ ግን ስለ ወንዙ የሚነግረን ጥቂት ነው። ከእንጦጦ ሥር፣ ባንተይቀጡና ቀበና ከሚገናኙበት ቦታ በታች፣ ከዚያም በአባ ሳሙኤል መግቢያ ላይ በተመሳሳይ ቀን ተለክቶ ውጤቱ ጎን ለጎን ሲቀመጥ፣ ቆሻሻው የሚገባው በየትኛው ሰፈርና በየትኛው ድልድይ መካከል እንደሆነ በግልጽ ይታያል፤ ቀጣዩ ቱቦ የት መቀበር እንዳለበትም ከዚያ ይታወቃል።